ሞተሩ እስኪሞቅ

ባለፈው ቅዳሜ የልጅ ልጄ ሐናን የቤት ሥራዋን ይዛ መጣችብኝ። ጉንዳን የሚወደው ስኳር ነው ወይስ ማር? ጥያቄው ይኸው ነው። ሁለት ሳህን አስመጣችኝና በአንዱ ስኳር፣ በሌላው ማር ጠብ አድርጋ ከግንቡ ሥር አስቀመጠች። ከዚያ እንደ ዳኛ ኮስተር ብላ «አያቴ፣ ከማየታችን በፊት መላ ምታችንን እንናገር» አለችኝ። እኔ ማር አልኩ፤ እሷ ስኳር አለች። ጉንዳኖቹ ግን ሁለታችንንም ከቁም ነገር ሳይቆጥሩን፣ ድመት ጥላው በሄደችው የዶሮ አጥንት ላይ ሰፍረው ዋሉ።

ሐናን ተናደደች፤ እኔ በሳቅ ፈረስኩ። ጥቂት ቆይቶ ግን ሳቁ ጠፋብኝ። መላ ምት የሚለውን ቃል ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማሁት ልክ በእሷ ዕድሜ ሳለሁ ነው፤ እዚሁ አቃቂ በሰቃ፣ አባቴ ቤት። ከዚያ በኋላ ጡረታ እስክወጣ ድረስ ሒሳብ አስተማሪ ነበርኩና ቃሉን ለተማሪዎቼ ስንት ጊዜ እንዳልኩት አላህ ይወቀው፤ አንድም ቀን ክፉ ነገር አስታውሶኝ አያውቅም። ከሕፃን አፍ ሲወጣ ግን አስታወሰኝ።

አባቴ ሐሰን ከወሎ መጥቶ ዕድሜውን በሹፍርና የጨረሰ ሰው ነበር። የሚነዳው ቀይ የጭነት መኪና የራሱ አልነበረም፤ አንድ ነጋዴ ሰጥቶት ከአዋሽ በረሃ ጥጥ እየጫነ ወደ አቃቂ ያመላልስ ነበር። ባዶውን ይሄዳል፤ ሁለት ሦስት ቀን ቆይቶ በሸራ የተሸፈነ ጥጥ ተቆልሎበት ይመለሳል። ግቢያችን ሰፊ ስለነበር መኪናው የሚያድረው እኛው ዘንድ ነው። ልብሳችን፣ ፀጉራችን፣ አንዳንዴም እንጀራችን ሳይቀር ናፍጣ ናፍጣ ይሸት ነበር፤ ለእኔ ግን እስከ ዛሬ ደስ ከሚሉኝ ሽታዎች አንዱ ነው።

አባባ መንገድ በሚወጣበት ቀን የሱብሒ ሰላቱን ሰግዶ እንዳበቃ እኔ በተኛሁበት መስኮት በኩል ይመጣና ድምፁን ዝቅ አድርጎ «መዲና! ገደኛዬ! ነይ ፊትሽን አሳዪኝ» ይለኛል። የእናቴን ጋቢ ተከናንቤ እበራለሁ። ፊቴን በሁለት እጁ ይዞ ያየኛል፤ ቢስሚላህ ይላል፤ ከዚያ ብድግ አድርጎ ጋቢና ውስጥ ያስቀምጠኛል። ያ አሮጌ ሞተር በቀላሉ አይሞቅም ነበር። እስኪሞቅ ድረስ ሁለታችን ጋቢና ውስጥ እንቀመጣለን። ቅርንፉድ ያለው ሻይ በፔርሙዝ ክዳን ይቀዳልኛል፤ ለመንገድ ከተቋጠረለት ጭኮ ቆንጥሮ ያጎርሰኛል። የመንገዱን ከተሞች በተራ ያስጠራኛል፦ ዱከም፣ ደብረ ዘይት፣ ሞጆ፣ ናዝሬት፣ ወለንጪቲ፣ መተሐራ። አንዱን ከዘለልኩ «ወይኔ፣ ሞጆን ጥለሻት ሄድሽ! ሻይ ሳንጠጣ?» ይለኛል። ስድስት ልጆች ባሉበት ቤት አባቴን ለብቻዬ የማገኘው በዚያች ሰዓት ብቻ ነበር።

ገደኛ የተባልኩበት ምክንያት ቀላል ነው። ገና ድክ ድክ እያልኩ ሳለ አንድ ጠዋት ሲወጣ ሮጬ እግሩን ያዝኩት አሉ። በዚያ ጉዞ ጎርፍ መንገዱን ቆርጦ ሌሎቹ መኪናዎች ወዲያ ማዶ ሲቀሩ፣ እሱ ለጥቂት ቀድሞ አለፈ። በቃ፣ ገዷ ነው ተባለ። እናቴ «ሁሉ ከአላህ ነው ትላለህ፤ ደግሞ በልጅ ፊት ትጠነቁላለህ» እያለች ትቀልድበት ነበር። እሱም «እሷንስ የሰጠኝ ማን ሆነና?» ይላታል። ወሬው ሰፈር ውስጥ ተዛምቶ፣ ባለሱቁ ሳይቀር ሱቁን ሲከፍት መጀመሪያ እኔ እንድገባለት ከረሜላ ይሰጠኝ ጀመር። እኔም ኮራሁ፤ ለምን አልኮራ?

ነገሩ የተበላሸው በአንድ ክረምት ነው። በዚያ ጠዋት እንደ ወትሮው ፊቴን አይቶ ሄደ። ሲመለስ ግን መንገድ ላይ ጎማ ፈንድቶበት፣ ሸራው በዝናብ ተቀዶ፣ ጥጡ ርሶ፣ አንድ ሌሊት ጭቃ ውስጥ አድሮ ነው። ረዳቱ ተፈራ ጨዋታ የሚወድ ሰው ነበር። እራት ቀርቦ ሳለ እጁን እየታጠበ «የዛሬ ሦስት ቀን ገደኛችን ፊቷን ሳትታጠብ ነው መሰለኝ የሸኘችን» አለ። ቤቱ ሁሉ ሳቀ። አባባም ደክሞት ስለነበር ፈገግ ብቻ አለ። እኔ ግን የያዝኩትን ጉርሻ መልሼ አስቀመጥኩት።

በማግስቱ አጎቴ ሰዒድ ውኃ በርሜሉ ዘንድ አገኘኝ። ሰዒድ የእናቴ ታናሽ ወንድም ነው፤ ዩኒቨርሲቲ ስታትስቲክስ ይማርና ክረምቱን እኛ ዘንድ ያሳልፍ ነበር። ጎረቤት ምን እንደሚማር ሲጠይቅ እናቴ «ሰው ይቆጥራል» ብላ ትገላገላለች።

«ምን እያደረግሽ ነው?» አለኝ።

«ፊቴን እየታጠብኩ።»

«ጉንጭሽ እስኪላጥ?»

«ጎማው እንዳይፈነዳ ነው።»

ይስቅብኛል ብዬ ነበር፤ አልሳቀም። ሳሙናውን ከእጄ ተቀብሎ በጋቢው ጫፍ ፊቴን አደረቀልኝና አጠገቤ ቁጢጥ አለ።

«ጎማው የፈነዳው አባትሽ ፊትሽን ስላየ ነው ትያለሽ። ይሁን፤ ይሄ መላ ምት ይባላል። ገና ያልተፈተነ ሐሳብ ማለት ነው። ፊትሽን ሳያይ በሄደ ቀንስ ጎማ አይፈነዳም?»

«እኔ እንጃ። ሁልጊዜ ያየኛል።»

«እህ! ሁልጊዜ ከሆነማ ምኑን እናውቀዋለን?»

ከዚያ በኋላ ብዙ አስተማሪ አግኝቻለሁ፤ እኔም ብዙ አስተምሬያለሁ። ያችን የበርሜል ሥር ትምህርት የሚያህል ግን አላየሁም። አንድ ነገር ሌላውን አመጣው ለማለት፣ ያ ነገር ሳይኖር ምን እንደሚሆን ማየት አለብሽ አለኝ። የሰባት ዓመት ልጅ ይህን ለመረዳት አይቸግራትም፤ የሚቸግረው ትልቁን ሰው ነው።

አራት ባዶ የቲማቲም ጣሳ ፈልገን የመስኮቱ ደፍ ላይ ደረደርን። ሁለቱ እኔ ለሸኘሁበት ጉዞ፣ ሁለቱ ላልሸኘሁበት፤ ከእያንዳንዱ ጥንድ አንዱ ለደህና ጉዞ፣ አንዱ ለክፉ ጉዞ። አባባ በተመለሰ ቁጥር በሚገባው ጣሳ አንድ ቆርኪ እንጥላለን። ክፉ ጉዞ ማለት ምን እንደሆነ አስቀድመን ተስማማን፦ ጎማ ከፈነዳ፣ ሞተር ከፈላ፣ ጥጥ ከራሰ ወይም ካሰበው ቀን ካለፈ። «ታሪኩን ከሰማሽ በኋላ ክፉና ደጉን ከለየሽ፣ የምትፈልጊውን ነው የምታገኚው» አለኝ ሰዒድ። እኔ «አባባ ተቆጥቶ ከመጣም ክፉ ጉዞ ነው» አልኩት። ትንሽ አሰበና «ቁጣ መለኪያ የለውም፤ እሱን እንተወው» አለኝ።

የትኛው ቀን ልሸኘው፣ የትኛው ቀን ልቅር የሚለውን እኛ እንዳንመርጥ ዋዜማውን ሳንቲም እንጥል ነበር። ጎፈር ከወጣ እነሳለሁ፤ ዘውድ ከወጣ የተኛሁ መስዬ እቀራለሁ። አባባ እንዳይሰማ ተማማልን፤ ካወቀ አነዳዱ ይለወጣል አለ ሰዒድ። እናቴ ጣሳዎቹን አይታ «ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም፤ አንተ ግን ትልቁ ሰውዬ ምን ነካህ?» ብላው አለፈች።

ዘውድ የወጣባትን የመጀመሪያዋን ጠዋት አልረሳትም። ዝናብ ቆርቆሮው ላይ ይወርዳል። አባባ እንደ ወትሮው መጣና «መዲና! ገደኛዬ!» አለ። ዓይኔን ጨፈንኩ። ጥቂት ቆይቶ ደገመኝ። ተፈራ ከወዲያ «ተዋት ጋሼ፣ ብርድ ነው፤ ትተኛ» ሲለው ይሰማኛል። አባባ ግን ወዲያው አልሄደም፤ መስኮቱ ሥር ጭቃውን ከጫማው ሲያራግፍ፣ ሲያስል እሰማዋለሁ። ከዚያ ሞተሩ ተነሳ። እስኪሞቅ ድረስ ያለውን ጊዜ ብርድ ልብሱን ነክሼ አሳለፍኩት። ሞጆን ማን እንዳስታወሰው እንጃ።

ያ ክረምት እንዲህ አለፈ። ጎፈር በወጣ ቀን ጭኮና ሻይ፤ ዘውድ በወጣ ቀን ብርድ ልብስ። ተፈራ ደግሞ ለእናቴ ሲያወራ፣ ጋሼ ልጅቷን ሳያይ በወጣ ቀን እንቁላል የጫነ ይመስል ቀስ ብሎ ነው የሚነዳው አላት። ይህን ለሰዒድ ስነግረው ራሱን አከከ።

«ይሄማ ሌላ ጣጣ ነው» አለኝ። «እንግዲህ መኪናውን የሚነዳው ፍርሃቱም ጭምር ነው ማለት ነው። ይሄን በጣሳ አንይዘውም።»

ሰማዩ ጠርቶ ወንዙ ዳር ቢጫ አበባ ሲታይ ሰዒድ ወደ ትምህርቱ ሊመለስ ሆነ። የመጨረሻ ቀን ጣሳዎቹን አልጋ ላይ ገለበጥናቸው። እኔ የሸኘሁባቸው ክፉ ጉዞዎች በዝተው አየሁና ልቅሶ ቃጣኝ። ሰዒድ «ቆይ፤ የሸኘሽው እኮ ካልሸኘሽው ይበልጣል። ከስንቱ ስንቱ በይ እንጂ» አለኝና ቆርኪዎቹን ጎን ለጎን ደረደረልኝ። ሲደረደሩ ያው ናቸው፤ ይህ ነው የሚባል ልዩነት የላቸውም። «ቁጥራችን ትንሽ ስለሆነ አፋችንን ሞልተን አንናገርም» አለ ሰዒድ፤ «ግን ፊትሽ ጎማ ሲያፈነዳ አላየንም።»

እንዴት እንደ ቀለለኝ! ግቢው ውስጥ እየዘለልኩ ዞርኩ። ሰዒድ «እኔ ቀስ ብዬ እነግረዋለሁ» ብሎኝ ነበር፤ እኔ ግን የምችል አልነበርኩም። የዚያኑ ዕለት ማታ አባባ ከበረሃ ትልቅ ሐብሐብ ይዞ ገባ። መሐል ላይ ቁጭ ብሎ ሲቆርጥልን ሁሉንም ዘረገፍኩለት፤ ጣሳውን፣ ቆርኪውን፣ ሳንቲሙን። መጀመሪያ ሳቀ።

«እና የኔ ልጅ ፊት ጎማ አያፈነዳም?»

«አያፈነዳም! አያቀናም ደግሞ!»

«ጎሽ! እሰይ!» አለ። ከዚያ ቢላዋው ሐብሐቡ ላይ እንደ ቆመ ቀና ብሎ አየኝ። «ያን ጊዜ፣ ሳትነሺ በቀረሽበት ጠዋት… ስጠራሽ ነቅተሽ ነበር?»

«አዎ!»

«ትሰሚኝ ነበር?»

«ሁሉንም እሰማ ነበር። ግን ንቅንቅ አላልኩም!»

በኩራት ነበር የነገርኩት። ከሥራው ሁሉ የከበደኝ እሱ ስለነበር የሚያስመሰግነኝም እሱ መስሎኝ ነው። ሰዒድ አንገቱን ደፋ። አባባ ግን አልተቆጣም። ከሐብሐቡ መሐል፣ ፍሬ የሌለበትንና ከሁሉ የሚጣፍጠውን ቆርጦ ሰጠኝ። «ጎበዝ፤ ትምህርት ጥሩ ነው» አለ። ቀጥሎ ወደ እናቴ ዞሮ «ለካ ይህቺን ልጅ እንቅልፏን እየነሳኋት ኖሯል» አላት።

ከዚያ ወዲያ ጠርቶኝ አያውቅም።

በመጀመሪያው ጠዋት ይጠራኛል ብዬ ነቅቼ ጠበቅሁ። መስኮቱ ሥር ማንም አልመጣም። ደህና፣ ሞተሩ ሲነሳ ራሴ እወጣለሁ ብዬ ጆሮዬን አቆምኩ። ሞተሩም አልተነሳም። ሲነጋ ብወጣ ግቢው ባዶ ነው፤ መኪናው በቆመበት ቦታ የዘይት ነጠብጣብ ብቻ። በሚቀጥለውም ጉዞ እንዲሁ፤ ከዚያም በሚቀጥለው። መኪናው ድምፅ ሳያሰማ ከግቢ ይወጣል፤ እንዴት እንደሚወጣ አይገባኝም። አንዳንዴ የበሩን ሲጥታ እሰማና ልነሳ እላለሁ፤ መልሶ ደግሞ «ቢፈልገኝ ይጠራኝ ነበር» እላለሁ። በልጅ አእምሮዬ አንድ ነገር ደመደምኩ፦ አባቴ ይወደኝ የነበረው ለገዴ ነው፤ ገድ እንደሌለኝ በራሴ አፍ ስለነገርኩት አሁን እንዳያየኝ ተደብቆ ይወጣል። ያን ሁሉ ቆርኪ ስቆጥር የከረምኩ ልጅ ይህንን ሳልፈትን አመንኩት።

አባባ ከዚያ በኋላ የበደለኝ ነገር የለም። እንዲያውም ዓይኑ ደክሞ መሪ እስኪለቅ ድረስ ሠርቶ አስተማረኝ፤ ስመረቅ ካባዬን እየዳሰሰ «የኔ ልጅ ቁጥር አዋቂ ናት» እያለ ለሰው ሁሉ አወራ። ስለዚያ ክረምት ግን እሱም አላነሳ፣ እኔም አላነሳሁ። በመካከላችን አንድ ቀጭን ነገር ገብቶ ቀረ። ሌላው ሰው አያየውም፤ እኔ ግን በበዓል ቀን ጉንጩን ስስም ሳይቀር ይሰማኝ ነበር።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አረፈ። ለቅሶው ላይ ተፈራ፣ ያ ቀልደኛ፣ ምርኩዝ ይዞ መጣ። ድንኳኑ ውስጥ አጠገቤ ተቀምጦ ካለቀሰ በኋላ እንደ ድሮው ሊያጫውተኝ ፈለገ።

«ይሄ ወገቤ እንዲህ የሆነው ባንቺ ነው፤ ታውቂያለሽ?» አለኝ።

«እንዴት ጋሽ ተፈራ? ምን አድርጌዎት?»

«መኪና እያስገፋሽኝ ነዋ! ያ የቆርኪ ነገራችሁ ከታወቀ ወዲህ ጋሼ ግቢ ውስጥ ሞተር አይነሳም አለ። ባዶ መኪና ቢሆንም እስከ በሩ ድረስ ለብቻዬ እገፋዋለሁ፤ እሱ ማርሹን ዜሮ አድርጎ መሪውን ይይዛል። ከበሩ ወዲያ ቁልቁለት ነው፤ ጎማው ሥር የምወሽቀውን ታኮ አዘጋጅቼ ፍሬኑን ለቀቅ ሲያደርግ ቀስ ብሎ እስከ አስፋልቱ ይወርድለታል። የምናስነሳው እዚያ ነው። ሞተሩ እስኪሞቅ በብርድ እንቆማለን።»

«ለምን?» አልኩት።

«እንዳትነቂ ነዋ። እኔም ጠይቄዋለሁ፤ በዚያ ብርድ አልጠይቀውም? ‹ልጄ ለካ መነሳት አትፈልግም ኖሯል፤ የምትነሳው አባቷን አፍራ ነው እንጂ። አሁን እንኳ ጠግባ ትተኛ› አለኝ። እንዲህ ሲለኝ ፊቱ ደስ አይልም ነበር። እኔም ሁለተኛ አልጠየቅሁት።»

እኔ ተደብቆ ይወጣል ብዬ ሳለቅስ፣ እሱ እንቅልፌን ሲጠብቅልኝ ኖሯል። ድንኳኑ ውስጥ ያለው ሰው አባቷን አስባ ነው ብሎ አጽናናኝ፤ እውነታቸውን ነበር።

ይህን ለማንም ሳልነግር ቆይቼ፣ ባለፈው ቅዳሜ ሐናን ከሄደች በኋላ ደሴ ለሚኖረው ለአጎቴ ለሰዒድ ደወልኩለት። እሱም አርጅቷል፤ ስልክ ላይ ይጮኻል። ተፈራ ያለኝን ስነግረው ጩኸቱን ተወ።

«ጥፋቱ የኔ ነው» አለኝ። «ሁሉን ነገር ፈተሽን፤ ሰውዬውን ግን ለምን ትጠራታለህ ብለን አልጠየቅነውም።»

«አይደለም» አልኩት፤ ከልቤም ነው። እሱ ባይኖር ያን ጎማ ዕድሜ ልኬን በፊቴ ላይ ተሸክሜው እኖር ነበር። ያስተማረኝን አስተምሬ ኖሬበታለሁ፤ ሐናንንም አስተምራታለሁ። የሚቆጨኝ ጣሳዎቹ አይደሉም።

የሚቆጨኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። የሰባት ዓመት ልጅ ምን ታውቃለች ብዬ ራሴን እንዳላጽናና፣ ሃያም ሞላኝ፣ ሠላሳም ሞላኝ፤ አባቴ አጠገቤ ነበር። ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል ይባላል። እኔ ደጃዝማችነት አልነበረም የቀረብኝ፤ አባቴን ለብቻዬ የማገኝባት የጠዋት ሰዓት ናት። ጠግቤ እንድተኛ ነበር የፈለገው። እኔ ደግሞ ያን ሁሉ ጠዋት ነቅቼ ነበር፤ እንቅልፍ ሳይሆን እሱን ነበር የምፈልገው። ይህን እንዲያውቅ አንድ ጠዋት ሳልጠራ ተነስቼ በሩ ላይ ብቆም ይበቃ ነበር።